ረግረጉ ላይ ያልኩት «አቤት»

እኔ ጂኒ ምናምን ሲባል ከሚደነግጡት አይደለሁም፣ ጴንጤ ነኝ፣ በዚያ ላይ የአዛውንቶች መጦሪያ ውስጥ ሌሊት ነው የምሠራው፣ ባዶ ክፍል ውስጥ ደወል ሲጮህ «ሽቦው ይሆናል» ብዬ ነው የማልፈው፣ ስለዚህ ይህን የማወራችሁ ላስፈራራችሁ አይደለም፣ እመኑኝ፣ ለማስፈራራትም አቅም የለኝም፣ ደክሞኛል።

እናቴ ከአገር ቤት በስፖንሰር ወደ እኔ ከመጣች ገና ዓመቷ ነው። ሥራ ቦታ ሬቸል ነኝ፣ ቸርች እህት ራሔል፣ በዚህ አገር «ኩኩሻ» የምትለኝ እሷ ብቻ ናት፣ እሱንም ሰው ፊት አትለውም። ጠዋት ከሥራ ስገባ ከኪችን «ኩኩሻ!» ስትለኝ፣ «አቤት!» ስላት፣ የሌሊቱ ድካም ግማሹ እዚያው በር ላይ ይቀርልኛል።

ታዲያ ጄን ኤንድ ፊንች የሚባለው ሰፈራችን፣ ፎቅ ላይ ተዘግቶባት ከምትውል ብዬ፣ አንድ ቅዳሜ ከሺፍት እንደወጣሁ ከከተማው ወደ ሰሜን ያለ ረግረግ ወሰድኳት፣ አስጎብኚ እየመራ ዕፅዋቱን የሚያሳይበት የእግር ጉዞ ነው። የሚኬደው በጣውላ ላይ ነው፣ ከጣውላው ውጭ ያለው መሬት ይመስላል እንጂ ከሥሩ ውሃ ነው፣ አስጎብኚዋ በዘንግ ወጋ ስታደርገው ዘንጉ ጭልጥ ብሎ ገባ። ቅጠሉ እንደ ኩባያ ውሃ የቋጠረ ተክልም አሳየችን፣ ዝንብ ይገባበታል፣ ከዚያ አይወጣም።

«ወይ ጉድ! ሣርም ሥጋ በላ?» አለች እማዬ፣ ሳቅን።

ከዚያ እስካሁን ሲጮኹ የነበሩት እንቁራሪቶች በአንዴ ዝም አሉ። ከሁሉም ኋላ የምንሄደው እኛ ነን፣ ግን ከኋላችን ጣውላው ሲጢጥ፣ ሲጢጥ ይላል። ዞር ስል ማንም የለም። ትንሽ ቆይቶ ረግረጉ ላይ ከበቀሉት ቀጫጭን ዛፎች መሀል «ኩኩሻ!» ተባለ፣ የእማዬ ድምፅ፣ ልክ ከኪችን እንደምትጠራኝ፣ እኔ ደግሞ በቁሜ እያንቀላፋሁ ነበርና አፌ ቀድሞኝ «አቤት!» አልኩ።

እማዬ ክንዴን እንደያዘች ቆመች። «ማንን ነው አቤት የምትዪው?»

«አንቺ ጠርተሽኝ ነዋ!»

«እኔ ትንፍሽ አላልኩም።» ፊቷ አመድ መሰለ። ልጅ ሳለሁ «የጠራሽን ሳታዪ አቤት እንዳትዪ» ትለኝ ነበር፣ ጌታን ከተቀበለች በኋላ ነው የተወችው።

ሕልም ነው እንዳልል፣ አስጎብኚዋ ከፊት ዞር ብላ፣ «‹ኩኩሻ› በቋንቋችሁ ምን ማለት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ እማዬ ራሔል ነው የምትለኝ። «በናትሽ እማ፣ አንዴ ብቻ» ብዬ ለመንኳት። «ያ ነገር ስሙን ይዞታል፣ አቤትሽንም ሰጥተሽዋል፣ እኔ በሱ አልጠራሽም» አለች። መጸለዩን ጸለይን፣ ስሙ ግን አልተመለሰልኝም፣ ምን ላድርግ፣ ዝም ብዬ ሥራዬን ቀጠልኩ።

ባለፈው ሳምንት ጠዋት ከሥራ ገብቼ ጫማዬን ስፈታ ከኪችን «ኩኩሻ!» ተባለ። እንባዬ መጣ፣ ተመስገን፣ እሺ አለችኝ ብዬ «አቤት እማዬ!» አልኩ።

ከኋላዬ በሩ ተከፈተ፣ እማዬ የታጠበ ልብስ ታቅፋ ከታች ከላውንደሪ መጣች። «ከማን ጋር ነው የምታወሪው?» አለችኝ።

«ስልክ ላይ ነበርኩ» አልኳት፣ ኩኩሻ የሚለኝ የቀረው እሱ ብቻ ነው፣ ወደ ረግረጉ ልመለስ ጫማዬን መልሼ አሰርኩት።