ጉንዳን ያልነካው ድስት

ልብስ ሰፊው አልጋው ላይ በጀርባው ተንጋሏል። ፊቱ የተኛ ሰው ፊት ነው፤ አንሶላው ግን ውኃ እንደ ተደፋበት ርሷል። ባልደረቦቹ «ወንፊት» የሚሉት መርማሪ አንሶላውን በጣቱ ዳሰሰ፤ ቀጥሎ ክፍት ያደረውን መስኮት አየ። ሌሊቱ ቀዝቃዛ ነበር።

ሟቹ የስኳር ሕመምተኛ ስለ ነበር ስኳር እዚህ ቤት መግባቱን ካቆመ ቆይቷል። መምህርት የሆነችው ልጁ በሩን ተደግፋ ቆማለች።

«እንጀራ እናቴን ይያዙልኝ» አለች። «ተደብቃ ጣፋጭ እያበላች ገደለችው።»

«በእራቱ ውስጥ?»

«እራቱን ይተዉት፤ እራቱ ምንም አልነበረበትም። ሌላ ነገር ሰጥታው ነው።»

ሴትዮዋን ይዞ የሚሄደው ፖሊስ በረንዳው ላይ ትእዛዝ ይጠብቃል። ወንፊት በእጁ «ቆይ» አለውና ወደ ወጥ ቤት ገባ።

የሟቹ ሚስት በርጩማ ላይ ተቀምጣለች።

«እናቴ፣ ምግቡን በምን ያበስሉለት ነበር?»

«ብርቱካን ጨምቄ፣ አፍልቼ በጠርሙስ አስቀምጣለሁ። ዶሮውንም ካሮቱንም በሱ ነው የምሠራለት። ጣፋጭ ሲያምረው በዚያ ይጽናና ነበር። ሐኪሙ ያውቃል፤ ጭማቂውን አስቦ ነው የኢንሱሊን መርፌውን የለካለት። ከእራት በፊት ራሱን ይወጋል።»

«የባልዎ ልጅ ሐኪሙ እንዲህ መለካቱን ታውቃለች?»

«በምን አፋችን? ‹ጭማቂም ያው ስኳር ነው› ብላ ከተጣላችኝ ወዲህ ሰላምታም የለን። ትናንት እንኳ የመጣችው እኔ ገበያ ስወጣ ጠብቃ ነው።»

«ትናንት ባልዎ ምግቡን እንዴት አገኙት?»

ሴትዮዋ አቀረቀረች። «‹ምን ነካሽ፣ ዛሬ ኋላው ይመራል› አለኝ። ምላስህ አርጅቷል ብዬ አሾፍኩበት። እንዳይከፋኝ ብሎ ጨረሰው።»

ያልታጠበው ድስት ግርጌው ላይ መረቅ ቀርቶበታል። ከመስኮቱ የወረደ የጉንዳን ሰልፍ ድስቱን ታክኮ አልፎ ወደ ዕቃ ማጠቢያው ቀዳዳ ይገባል። ወንፊት ጠርሙሱን ከፍቶ በጣቱ ቀመሰ፤ ፊቱን አጨማደደ።

ቆርቆሮ ሠሪውን የሟቹን ታናሽ ወንድም ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አገኘው።

«አንዳንዴ ሲያልበውና ሲንቀጠቀጥ ከረሜላ አጎርሰው ነበር፣ ጌታዬ። ከኪሴ አይጠፋም። ትናንት ግን ይቺ መምህርት እንደ ተማሪ አስቁማ ፈትሻ ወሰደችብኝ። በዚህ ዕድሜዬ ማንበርከክ ብቻ ነው የቀራት።»

ወንፊት ሦስቱንም ሳሎን ሰበሰባቸው።

«ስኳር የበዛበት ሰው በአንድ ሌሊት በላብ ተጠምቆ አይሞትም» ብሎ ጀመረ። «እንዲህ የሚያልበው ስኳር ሲያንሰው ነው። ወንድሙ ያውቁታል።»

ቆርቆሮ ሠሪው ራሱን ነቀነቀ።

«መርፌው ለጭማቂው የተለካ ነበር። ትናንት መርፌው ገባ፣ ጭማቂው ግን አልገባም። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው የሎሚ ውኃ፣ የብርቱካን ልጣጭና ስኳር የሌለው የማጣፈጫ እንክብል ነው፤ ይጣፍጥና ኋላው ይመራል። ሰው ይታለልበታል፣ ጉንዳን ግን አልተታለለም፤ ድስቱን ትቶ ማጠቢያው ውስጥ ገባ። እውነተኛው ጭማቂ የተደፋው እዚያ ነው።»

«ማነው የደፋው?» አለ ወንድምየው።

ወንፊት ወደ መምህርቷ ዞረ። «ይህን ምግብ ሲኮንኑ የኖሩት እርስዎ ነዎት። ዛሬ ግን ‹እራቱ ምንም አልነበረበትም› ብለው መሰከሩለት። ያንን የሚያውቅ ስኳሩን ያወጣው ሰው ብቻ ነው።»

መምህርቷ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። ቦርሳዋን ከፈተችው፤ እንክብሉም የወንድምየው ከረሜላም ገና ውስጡ ነበሩ።

«እንዲድንልኝ ነው» አለች። «መርፌውን ለጭማቂው መለካታቸውን የነገረኝ የለም።»

«አልጠየቅሽም፤ እኔም አልነገርኩሽም» አለች እንጀራ እናቷ ቀስ ብላ።

መምህርቷ ወደ እንጀራ እናቷ ዞረች። «እራቱን ሲበላ... ምን አለ?»

ሴትዮዋ ወንፊትን አየችው፤ ከዚያ ልጅቱን።

«ጣፍጦታል» አለች። «ጨምሪልኝ ብሎኝ ነበር።»

ወንፊት ባርኔጣውን አነሣ። ከጠዋት ጀምሮ በዚያ ቤት ሆን ተብሎ የተነገረው ውሸት ይህ ብቻ ነበር። እንዳልሰማ ሆኖ ወጣ።