የሥርጉት በሶ

«እማዬ፣ ያ እኮ የኔ ሻርፕ ነው!»

ጸደንያ ጮኸች እንጂ ማን ሰምቷት። እናቷ ሀብትነሽ በሶ የሞላውን ፌስታል በሰማያዊው ሻርፕ ጠቅልላ፣ ጫፉን በጥርሷ ጭምር እየሳበች ትቋጥራለች።

«ፌስታሉ መንገድ ላይ ቢቀደድስ? ሌላ ሻርፕ እገዛልሻለሁ፤ አታልቅሽብኝ።»

«አላለቀስኩም!»

«እንግዲያው ቶሎ በይ፣ ሚኒባሱ ሳይሞላ። ልጁ ነገ በማለዳ ነው የሚሄደው።»

«ልጁ» ስጦታው ነው፤ የቢቸና ልጅ። ከጸደንያ ታላቅ እህት ከሥርጉት ጋር በአንድ የጦር አካዳሚ ይማራል። አያቱ አርፈው ለቀብር አጭር ፈቃድ ተሰጥቶት መጥቷል። ወሬው ሞጣ ከመድረሱ ሀብትነሽ ገብስ ማመስ ጀመረች። ለሹፌር መስጠት አይሆንላትም፤ «አደራ እጅ በእጅ ነው» ባይ ናት። እጁ ደግሞ እንደ ሁልጊዜው የጸደንያ እጅ ነው።

ሥርጉት ከሄደች ወዲህ ቤቱ ውስጥ ሌላ ልጅ ያለ አይመስልም። ጎረቤት በገባ ቁጥር «ኮሎኔሏ እንዴት ናት?» ይላል። ኮሎኔል! ገና አንድ ኮከብ እንኳ ትከሻዋ ላይ ሳያርፍ! ስልክ የሚፈቀድላቸው እሑድ እሑድ ብቻ ነው። እናቷ ከቅዳሴ መልስ ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ትጠብቃለች። ሲጠራ ጥያቄዋ አንድ ነው፤ «በሶውን እየበላሽ ነው?» የሥርጉትም መልስ አንድ ነው፤ «እመብርሃንን እማዬ፣ ያንቺ በሶ ባይኖር አልቆልኝ ነበር!» ከዚያ ወዲያ ስለ በሶው ያወራሉ፣ ይሳሳቃሉ፤ ተራው ጸደንያ ጋ ሳይደርስ ጊዜው ያልቃል።

ትናንት ደግሞ የትምህርት ቤቱ የሽልማት ቀን ነበር። ጸደንያ ከክፍሏ አንደኛ ወጥታ መዝገበ ቃላት ተሸለመች። የሌላው እናት እልል ስትል የሷ እናት ወንበር ባዶ ነበር። «ገብሱ ይረርብኝ ወይ ልጄ?» አለቻት ማታ። መዝገበ ቃላቱ እስካሁን ከነመጠቅለያው አልጋ ላይ ተቀምጧል።

ሚኒባስ ውስጥ ቋጠሮውን ታቅፋ በመስኮት እያየች ስትንገበገብ፣ የመምህራቸው አባባል ትዝ አላት። «የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል።» እውነት ነው! ቤት ያለ ልጅ ውኃ ይቀዳል፣ ይላካል፣ ሻርፑን ይቀማል። ሩቅ ያለችዋ ግን ትናፈቃለች።

ጉንደ ወይን ላይ ሰው ለማውረድ ሲቆሙ «ወንበር ስር ብረሳውስ?» የሚል ሐሳብ መጣባት። ማን ያውቃል? የሰው ነገር ይረሳል።

አጠገቧ የተቀመጡት ሽማግሌ «ምን ይዘሽ ነው እንዲህ የምታቅፊው? እንቁላል ነው?» አሏት።

«ወርቅ ነው» አለች በንዴት፣ ቋጠሮውን ይበልጥ እያጠበቀች።

ቢቸና ስትደርስ የለቅሶው ድንኳን ገና አልፈረሰም። ገብታ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብላ ከተቀመጡት ጋር ጥቂት ቆየች። የስጦታው እናት ወይዘሮ ፈንታነሽ ልጃቸውን ጠሩላት። ጸጉሩ ከሥሩ የተላጨ፣ ፀሐይ ያጠቆረው ረጅም ልጅ ብቅ አለ።

«የሥርጉት እህት መሆን አለብሽ፤ አፍንጫችሁ አንድ ነው!» ቋጠሮውን ተቀብሎ አሸተተና ሳቀ። «ወይኔ፣ አሁንም በሶ! በር ላይ እኮ ነው የሚቀረው።»

«ምን ማለትህ ነው?»

«ከውጭ የመጣ ምግብ አይገባም፤ ደንብ ነው። እንዴ፣ አልነገረቻችሁም እንዴ?» ፊቷን ሲያይ ራሱን በመዳፉ መታ። «ኧረ ጉዴ ፈላ! አቦ፣ አልሰማሽኝም፣ እሺ?»

ጸደንያ ግን ሰምታለች። መጀመሪያ የተሰማት ደስታ ነው፤ ጥርት ያለ ደስታ። ውሸታም! ዓመት ሙሉ በእመብርሃን ስም ስትምል! ጉዷን ይዣታለሁ አለች በልቧ።

«ታዲያ ማን ነው የሚበላው?»

«ጥበቃዎቹ ናቸው። እሷ በሩ ድረስ ትመጣና ቋጠሮውን ትፈታለች። አንድ እፍኝ ታነሣና እዚያው ቆማ ትቅማለች። ዱቄቱ አንቋት ስታስል እንስቅባታለን። ከዚያ የቀረውን ለነሱ ሰጥታ ጨርቁን ብቻ አጣጥፋ ትገባለች።»

«አትላኩ አትልም እንዴ? ምላስ የላትም?»

«እኔም ጠይቄያት ነበር። ‹ያን ጊዜ እማዬ ምን ታድርግልኝ?› አለችኝ።» ስጦታው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ባንቺ ደግሞ ትቀናለች፤ ታውቂያለሽ?»

«በኔ?!»

«‹ጸደንያ ምን አለባት፣ ማታ ማታ እማዬ ጉያ ትገባለች› ትላለች።»

ጸደንያ ሳቅ አመለጣት፤ ግን ደስ የሚል ሳቅ አልነበረም። እማዬ ጉያ! ከገባች ስንት ጊዜዋ! ደጅ ሆና የምትቀናውም፣ ቤት ሆና የምትቀናውም በአንዲት እናት ምክንያት ነው ለካ።

ወይዘሮ ፈንታነሽ ቋጠሮውን ሲያዩ «ልጄ፣ ሻርፑ መልካም ነው፤ በሶውን ወደ ማዳበሪያ ላዙረውና ሻርፑን ይዘሽ ሂጂ» አሏት።

ጸደንያ እጇን ዘረጋች፤ ቋጠሮውን ነካችው። ከዚያ እጇን መለሰች።

«ይቅር፣ እንዲሁ ይሂድ።»

በመልሱ መንገድ በራሷ ተናደደች። ሻርፔን ለምን ሰጠሁ? ግድ የለም፤ ቤት ስደርስ እነግራታለሁ አለች። «እማዬ፣ በሶሽን የሚበሉት ጥበቃዎች ናቸው።» በቃ፣ ይህችው ናት። ውሸት የለባትም። ሞጣ እስክትደርስ በልቧ ደጋገመቻት። ከዚያ ወዲያ ገብስ አይታመስም፤ እሑድ ሲመጣ ሥርጉት ምን እንደምትል ይታያል! ግን እናቷስ ምን ትላለች? እሱን ስታስብ ዐረፍተ ነገሩ ይጠፋባታል፤ ደግሞ ትጀምረዋለች።

ሀብትነሽ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ለሚቀጥለው ጊዜ የሚሆን ገብስ ትለቅማለች። የጣቷ ጫፍ በማመሱ ተቃጥሎ ቀልቷል። ልጇን ስታይ ሰፌዱን አስቀምጣ ተነሣች።

«አገኘሽው? ከስታለች አለ? በሶውንስ ትበላዋለች ወይ?»

ጸደንያ አፏን ከፈተች። ዐረፍተ ነገሩ ምላሷ ጫፍ ላይ ነው። እናቷ መሐረቧን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ ዓይን ዓይኗን ታያታለች። ስንት ጊዜ ተመኝታው ነበር፣ እንዲህ መታየትን!

«ትበላዋለች» አለች። «ቆማ፣ በእፍኟ ነው የምትቅመው አለ። እስኪያስላት ድረስ።»

«ይቺ ሆዳም!» ሀብትነሽ ሳቀች፤ ዓይኗም እንባ ሞላ። «በሚቀጥለው ጨምሬ ነው የምልክላት።»

«አይሆንም እማዬ። ዕቃ አይብዛ ብሏል። ከእንግዲህ አንድ እፍኝ ትበቃታለች፤ በጨርቅ የተቋጠረች።»

«አንድ እፍኝ? የቀረውን ታዲያ ማን ይበላዋል?»

«እኔ።»

ሀብትነሽ ደነገጠች። «አንቺ በሶ ትወጃለሽ እንዴ?»

«እወዳለሁ። ጠይቀሽኝ አታውቂም እንጂ።»

ጸደንያ አልፋት ወደ ጓዳ ገባች፤ ከተረፈው በሶ አንድ እፍኝ አነሣችና እዚያው ቆማ ቃመች። ወዲያው አነቃት፤ ሳል ያዛት።

«ኧረ አንቺ ልጅ!» ሀብትነሽ ውኃ ይዛ ሮጠች፤ ጀርባዋን መታ መታ አደረገቻት። «ልበጥብጥልሽ እንጂ። ደግሞ ቁጭ በይ፤ ማን ያባርርሻል?»

ጸደንያ ቁጭ አለች።