የቤት ምስር

«እሱን ተይው!» አለ አባቷ። «እሱ የቤት ነው።»

ቃሪያ እጇን ከትንሹ ጆንያ አወጣች። ቃሪያ ያሏት በምላሷ ምክንያት ነው፤ ዛሬ ግን ምላሷ አልታዘዝ አላት። ከትልቁ ጆንያ አንድ ኪሎ ምስር መዝና ለጎረቤታቸው ለልብስ ሰፊዋ አቀበለቻት። የሴትየዋ ሆድ ገፍቷል። ካረገዘች ወዲህ ከምስር ሌላ እህል አይወርድላትም።

«እደጊልኝ የኔ ማር። ይሄ ልጅ ምስር መስሎ እንዳይወጣ ብቻ!» ብላ እየሳቀች ሄደች።

ቃሪያ መቀመጥ አቃታት። ሚዛኑን ወለወለች፤ ደግማ ወለወለች። ምስሩ ሊሰበሰብ ሲል አባቷ ማሳው እኩል ይድረቅልኝ ብሎ አረም ማጥፊያ ሲረጭበት አይታለች። ከአጥሩ ሥር ያለችውን ጥግ ግን ዘሏታል፤ የትንሹ ጆንያ ምስር የዚያች ጥግ ነው። ዝናብ መጣብኝ ብሎም የመድኃኒቱ ጠርሙስ ላይ ጠብቁ የተባለውን ቀን ሳይጨርስ ሰበሰበ።

«አባዬ፣ ይጎዳል እንዴ?»

«ምኑ?»

«አውቀህ ነው! መድኃኒቱ ነዋ።»

«እስካሁን ማን ሞተ? ደግሞ ይታጠባል፣ ይቀቀላል።»

የሳይንስ መምህሯንም ጠይቃቸው ነበር። «እህሉ ላይ የሚቀረው ትንሽ ከሆነ አያሰጋም የሚሉ አሉ» አሏት። «ዓመት ሙሉ ለሚበላው፣ ለነፍሰ ጡር ደግሞ፣ እንጃ የሚሉም አሉ። ገና እየተጠና ነው።» እንጃ! ለፈተና እንጃ ብላ ብትጽፍ ዜሮ ነው የሚሰጧት።

«ታዲያ እኛ ለምን አንበላውም?» አለችው አባቷን።

«አንቺ ልጅ፣ አርፈሽ ሥራሽን ሥሪ!»

እራት የመሥራት ተራው የእሷ ነበር። ምስሩን አጠበች፣ ቀቀለች፣ አባቷ ፊት አስቀመጠች። ማንኪያውን ሊያነሳ ሲል ዓይኗን አየና ጠረጠረ።

«ከየትኛው ነው?»

«ልብስ ሰፊዋ ከወሰደችው።»

ማንኪያው አፉ ጋ ሳይደርስ ቆመ።

«ብላ እንጂ አባዬ። ታጥቧል፣ ተቀቅሏል።»

ሊቆጣ አፉን ከፈተና ተወው። ማንኪያውን ቀስ ብሎ ሳህኑ ላይ መለሰው።

ቃሪያም አልበላችም። ተነሥታ ትንሹን ጆንያ ታቀፈች። በሩ ጋ ስትደርስ ይጠራኛል ብላ ጠበቀች። አልጠራትም።

ከግድግዳው ማዶ የልብስ ሰፊዋ መኪና ይንቀጫቀጫል። ምን ብላ እንደምትጀምር አታውቅም። በሯን አንኳኳች። መኪናው ዝም አለ።