የበረኪናው ባልዲ

አሸብር የሞተው ድንች ላይ ተደፍቶ ነው። አውቶቡስ ተራ አጠገብ ባለው የጋሼ ጓንጉል መጋዘን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሠራተኛው ሁሉ ለምሳ በወጣበት ሰዓት፣ ጀርባውን ሦስት ጊዜ ተወግቶ ለዘር በተከመረው ድንች ላይ ወደቀ። ደሙ በክምሩ መሀል ሰርጎ፣ ሲሚንቶው ላይ ወጥቶ ረግቷል። የሰብል በሽታ ባለሙያ ነበር፤ ሠላሳ ዓመት እንኳ አልሞላውም።

ዘመኑ 1971 ነው። መርማሪዋ መቶ አለቃ ሸዋርካብሽ ስትደርስ የቀበሌው አብዮት ጠባቂዎች ሥራቸውን ጨርሰው ነበር፤ የጨረሱት ሥራ ግን ምርመራ አይደለም። ተሸካሚው ጥጋቡ ሸሚዙ ላይ ደም ስለተገኘበት ብቻ፣ ክንዶቹን ወደ ኋላ ጠፍረው ከምሰሶ ላይ ሰቅለውት፣ ውስጥ እግሩን ሲገርፉት ቆይተዋል።

«አውርዱት» አለች።

«ፀረ አብዮት ነው!» አለ የጥበቃው አዛዥ። «አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መኪና ይመጣል። እርምጃ ይወሰድበታል።»

«አሁን ስምንት ሰዓት ነው። እስከዚያ የእኔ ነው። አውርዱት አልኩ!»

ጥጋቡ ወለሉ ላይ ተዘረረ። ሁለቱም ትከሻዎቹ ቦታቸውን ለቀዋል። «ከምሳ ስመለስ ተደፍቶ አገኘሁት» አለ በተሰነጠቀ ከንፈሩ። «ነፍስ ያለው መስሎኝ አቀፍኩት። ሌላ ጥፋት የለብኝም፣ መቶ አለቃ።»

እሷም አላጽናናችውም። ወደ ሬሳው ሄዳ ጎንበስ አለች። ሟቹ ጥቁር ሰማያዊ ኮት ለብሷል። በሦስቱም ቀዳዳዎች ዙሪያ ጨርቁ ቀለሙን ለቅቆ ነጥቷል። አሸተተችው። በረኪና ነው። እዚያው አጠገቡ ባልዲ አለ፤ ውስጡ የድንች መቁረጫ ቢላ ተነክሯል። ስለቱ ንጹሕ ነው፤ ውሃው ግን ደፍርሷል።

«ይህ ባልዲ የምንድነው ጋሼ ጓንጉል?»

የመጋዘኑ ባለቤት ላቡን ጠረገ። «ትልቅ ትልቁ ድንች ለዘር ይቆረጣል። አንዱ ከታመመ ቢላው በሽታውን ወደ ሌላው ያጋባዋል። ቫይሮይድ ይሉታል፣ ከቫይረስም ያነሰ ነገር ነው፤ ድንቹን እንዝርት ያስመስለዋል። ስለዚህ አንድ ድንች በተቆረጠ ቁጥር ቢላው ይነከራል። ያስተማረን ሟቹ ነው።»

«ሁሉም ይነክራል?»

«እንዴታ! እዚህ ቤት ሥርዓት አለ።»

«አርባ ጆንያ ታሟል ብሎ ሊያስቃጥልብዎ እንደነበር ሰምቻለሁ።»

«ተናድጃለሁ፤ አልዋሽም። ግን እኔ ሰው አልገድልም።»

የቆራጮቹ አለቃ እትዬ ጤናዬም ሟቹን አልወደደችውም። «ዘር አበላሻችሁ ብሎ ሁለት ጓደኞቼን አባሮብኛል» አለች፣ ፊት ለፊት።

ከሟቹ ኪስ የክብሪት ቀፎ ወጣ። ውስጡ የተጠቀለለ፣ ቢጫ ነጠብጣብ ያለበት የድንች ቅጠል አለ፤ ላዩ ላይ ጥቃቅን አረንጓዴ ነፍሳት ይርመሰመሳሉ። ሸዋርካብሽ ቀፎውን ለበሪሁን አሳየችው። በሪሁን የሟቹ ረዳት ነው፤ ከምርምር ጣቢያው አብሮት መጥቶ፣ ዓይኑ እስኪቀላ አልቅሷል።

«ክሽክሽ ነው» አለ። «ቫይረሱን ከቅጠል ወደ ቅጠል የሚያደርሰው እሱ ነው። ቫይረሱን የሚቋቋም ዝርያ እስክናገኝ መከላከያችን መረብ ቤቱ ብቻ ነው። ንጹሑን ዘር እዚያ ውስጥ እናበቅላለን፤ ክሽክሽ አይገባበትም።»

«ይህ ቅጠል ታዲያ ከየት መጣ?»

«ከገበሬ ማሳ ይሆናል።»

«እርስዎ በምሳ ሰዓት የት ነበሩ?»

«አብነት ሰፈር፣ ምግብ ቤት።»

ስልክ ደውላ ተመለሰች። አሥር ሰዓት ሲሆን ሁሉንም ባልዲው ዙሪያ ሰበሰበች። ውሃውን አስቀይራ ለየአንዳንዳቸው ቢላ ሰጠቻቸው።

«አሥር አሥር ድንች ቁረጡ። ቶሎ በሉ!»

ከጥጋቡ እጅ ቢላው ወደቀ፤ ጣቶቹ አልታዘዙትም። ጋሼ ጓንጉል በሦስተኛው ድንች ጣቱን ቆረጠ። እትዬ ጤናዬ ባልዲውን ሳታይ አሥሩን ጨረሰች። በሪሁን ቆረጠ፣ ነከረ፤ ቆረጠ፣ ነከረ።

«እትዬ ጤናዬ፣ አልነከሩም።»

«በረኪናው እጄን ላጠው እኮ፣ እመቤቴ! ደግሞስ በጆንያ ቁጥር እየተከፈለን ማን ይነክራል? ባልዲው ባለሙያ ሲመጣ የሚቀመጥ ነው።» ጋሼ ጓንጉል ራሱን ያዘ።

«አንዱ ቀዳዳ ብቻ ቢነጣ ኖሮ፣ ቢላው ገና ከባልዲ የወጣ ነው እል ነበር» አለች ሸዋርካብሽ። «ግን ሦስቱም ነጥተዋል። ገዳዩ ወጋ፣ ነከረ፤ ወጋ፣ ነከረ። አስቦበት አይደለም፤ እጁ ለምዶ ነው። ያ ልምድ ያለው እዚህ ቤት አንድ ሰው ብቻ ነው።»

የበሪሁን ቢላ ከባልዲው አፍ ላይ ቆመ።

«ጣቢያችሁ ደወልኩ። የመረብ ቤቱ ቁልፍ አንተ ጋ ነው። የመረቡ ጥግ ተቀዶ በመርፌ ተሰፍቷል። ክሽክሹ ገብቶ ዘሩን በክሎታል፤ አንተም ደብቀህ ንጹሕ ነው ብለህ ወደዚህ መጋዘን ላክኸው። አሸብር ዛሬ ጠዋት ቅጠሉን ከዚያው ቀጠፈ።»

«አንድ ቀዳዳ!» ብሎ ጮኸ በሪሁን። «አንድ ወር ሙሉ ያላየኋት አንዲት ቀዳዳ! የኢኮኖሚ አሻጥር ብለው ይረሽኑኛል ብዬ አሸብር እግር ላይ ወደቅሁ። ‹ገበሬውስ ምን ይብላ?› ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ።»

ቢላውን እንደጨበጠ ተወረወረባት። ክንዷን ከክርኗ እስከ አንጓዋ ሰነጠቀው። አዛዡ በጠመንጃ ሰደፍ አፉን ሲለው ጥርሶቹ ከደም ጋር ድንቹ ላይ ተበተኑ። ወድቆም አልተውትም፤ በጫማ ጎድኑን ሲረግጡት አጥንቱ ሲሰበር ተሰማ። «ይበቃል!» ብላ እስክትጮህ አላቆሙም። ቁስሏን ያቃጠላት በረኪናው ነበር።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መኪናው መጣ። የመጣው አንድ ሰው ሊወስድ ነው፤ አንድ ሰው ወሰደ። ሸዋርካብሽ በሪሁንን ወዴት እንደሚወስዱት ታውቃለች። ነፍሰ ገዳይ ነው፤ ቢሆንም መኪናው ከዓይኗ እስኪሰወር በሩ ላይ ቆመች።

«አንተ፣ ነፃ ነህ፤ ሥራህን ሥራ» አለው አዛዡ ጥጋቡን፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ።

ጥጋቡ በተገረፈ እግሩ እያነከሰ ወደ በሩ ሄደ። በሩ ላይ ጆንያ ተቀምጧል። ሃያ ዓመት እንዳደረገው ጎንበስ ብሎ ሊያነሳው ሞከረ። ክንዶቹ አልተነሱም። ደግሞ ሞከረ። ከዚያ ቀና ብሎ በጨርቅ የታሰረውን የመርማሪዋን ክንድ አየና ጠየቃት።

«በምን እሸከማለሁ፣ መቶ አለቃ?»