ጊዜው ያልደረሰ ሰርተፍኬት

ማክሰኞ፣ ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ቡራዩ ውስጥ የሚገኝ የአንድ አነስተኛ የሶፍትዌር ድርጅት ዋና ኮምፒዩተር፣ ርቀት ላይ ካለውና ፕሮግራሞችን ከሚያወርድበት የፓኬጅ ማከማቻ መልስ ማግኘት አቆመ። በማግስቱ ጠዋት ቴክኒሻኑ ስምዖን በዚያው ኮምፒዩተር አጠገብ፣ ከኋላው በብረት ተመትቶ፣ ሞቶ ተገኘ። ሁለቱን ነገሮች ያገናኛቸው ሰው አልነበረም።

ክፍሉ ማሽኖቹ እንዳይግሉ ሌት ተቀን ስለሚቀዘቅዝ ሐኪሙ ስምዖን የሞተበትን ሰዓት መለየት አልቻለም። ስለዚህ ፖሊስ የኮምፒዩተሩን መዝገብ አመነ። መዝገቡ ስምዖን ማክሰኞ ማታ ለማከማቻው ጥያቄ እንደላከ ያሳያል። ማታ በቢሮው የነበረችው ባልደረባው ዕድላዊት ብቻ ናት። ታሰረች።

ኢንስፔክተር ዱርሲቱ ጉዳዩን የተረከበችው ቅዳሜ ጠዋት ነው። አዛዡ የምርመራ መዝገቡ ከሰዓት በኋላ ለዐቃቤ ሕግ እንደሚላክ ነግሯታል።

ዕድላዊት ፊቷ ገርጥቶ፣ ነጠላዋን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ ገባች።

«ልጄ አምስት ወሩ ነው» አለች ሳትጠየቅ። «ዓለም ገና ከተማ፣ እናቴ ዘንድ ነው። ጡጦ አይዝም። በማንኪያ እየሰጠችው ነው።»

«ማክሰኞ ከስምዖን ጋር ተጣልታችሁ ነበር?»

«ጠዋት ተጨቃጭቀናል። የድርጅቱን ድርሻህን ለሸሪክህ ለአቶ ሀብተወልድ ሽጥና ተገላገል አልኩት። አልሸጥም አለ።»

«ማታስ?»

«የኮምፒዩተሩን ክፍል በር አንኳኳሁ። ዝም አለ። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ አኩርፎ የዘጋውን በር መክፈት ግን ከበደኝ።» ድምጿ ተሰበረ። «ያን ጊዜ ሞቶ ነበር እንዴ?»

ዱርሲቱ የምርመራ መዝገቡን ገለጠች። «ማከማቻው መልስ መስጠት ያቆመው በአንቺ ስንፍና ነው ይላሉ አቶ ሀብተወልድ። ሰርተፍኬቱን ሳታድሺ ጊዜው አልፎበታል ይላሉ።»

«እሱን የምናድሰው እኛ አይደለንም፤ የማከማቻው ባለቤቶች ናቸው። ሰርተፍኬቱ ማከማቻው እውነተኛ ስለመሆኑ ለኮምፒዩተራችን የሚያሳየው መታወቂያ ነው።» ቀና አለች። «ኢንስፔክተር፣ በሌላ ማሽን ሞክረውታል? ሰበታ ያለ አንድ ደንበኛችን ክሊኒክ ከዚሁ ማከማቻ ይጠይቃል። እዚያም እምቢ ካለ ጥፋቱ የማከማቻው ነው። እዚያ ከመለሰ ግን የእኛው ማሽን ነው።»

ዱርሲቱ ሰበታ ደወለች። የክሊኒኩ ማሽን ያንኑ ጥያቄ ላከ፤ ወዲያው መልስ አገኘ።

ቡራዩ ስትደርስ በሩን የከፈቱላት አረጋዊው ጥበቃ ኦቦ ቦጂያ ናቸው።

«አካም ጂርታ፣ ኦቦ ቦጂያ?» ስትል በኦሮምኛ ሰላም አለቻቸው።

«ፈያዳ፣ ኢንታላ ኮ፤ ደህና ነኝ፣ ልጄ። ደግሞ መጣችሁ? እንግዲህ እዚሁ ተከራዩና ይለይላችሁ!»

«ማክሰኞ ስምዖንን ለመጨረሻ ጊዜ ያዩት መቼ ነው?»

«ጠዋት ሲገባ። ሁልጊዜ ምሳ አብረን ነበር የምንበላ። ያን ቀን ቢጠራም ቢጠራም አልወጣ። ሀብተወልድን ብጠይቀው ‹ሥራ ይዟል፣ አትረብሸው› ብሎኝ ሱሉልታ ለቅሶ ሄደ።»

«አንቱስ ገብተው አላዩትም?»

«ቁልፉ ያለው ከሦስቱ ጋ ነው፤ ከሟቹ፣ ከልጅቷና ከሀብተወልድ። እኔ ኮምፒዩተሩን እጠብቃለሁ እንጂ ኮምፒዩተሩ እኔን አያውቀኝም።»

ዱርሲቱ ቀዝቃዛው ክፍል ገብታ ማሽኑን በቅደም ተከተል ጠየቀችው። በውስጡ የተጫኑትን ፕሮግራሞች ጠየቀች፤ ሁሉንም ዘረዘረ። ኔትወርኩን ሞከረች፤ ይሠራል። በማከማቻው ያለውን ጠየቀች፤ እምቢ አለ። እምቢ ያለበትን ምክንያት ሁለት ጊዜ አነበበች። ከዚያ ወደ ስክሪኑ ጥግ አየች፤ ብዙ ቆየች።

ከቀትር በኋላ ሁሉንም እዚያው ሰበሰበቻቸው። ሀብተወልድ ድርጅቱን ከስምዖን ጋር ያቋቋመ፣ ኋላ ግን ማሽን መንካት ትቶ ወደ ንግዱ ያዘነበለ ሰው ነው። የስምዖን ሚስት አሰጋሽ ጥቁር ለብሳ፣ በካቴና ለመጣችው ዕድላዊት ጀርባዋን ሰጥታ ቆመች።

«ፖሊስ ኮምፒዩተር መጠገን ከጀመረ እኛ ሥራ ልንፈታ ነው» አለ ሀብተወልድ።

«ሰርተፍኬቱ ጊዜው አልፎበታል ብለው ነበር» አለች ዱርሲቱ። «ማሽኑ ግን ጊዜው ገና አልደረሰም ነው የሚለው። ያንኑ ሰርተፍኬት ሰበታ ያለው ማሽን ዛሬ ተቀብሎታል። ሰርተፍኬቱ ደህና ከሆነ የተሳሳተው ይህ ማሽን የሚያውቀው ቀን ነው። እስቲ ያንብቡልኝ።»

«ሁለት ሺህ አሥራ ሰባት፣ ወር አምስት፣ ቀን ሃያ አራት።» ትከሻውን ነቀነቀ። «ባትሪው ሞቶ ነዋ!»

«ባትሪው ቢሞት ማሽኑ ወደ ተሠራበት ጊዜ ይመለስ ነበር። የተገዛው ግን አምና ነው። ዛሬ በእኛ አቆጣጠር ስንት ነው?»

«ጥር ሃያ አራት» አሉ ኦቦ ቦጂያ።

«ጥር አምስተኛው ወር ነው። አንድ ሰው የእኛን ቀን ማሽኑ ውስጥ ጽፏል። ማሽኑ ደግሞ የሚያውቀው የፈረንጆቹን አቆጣጠር ብቻ ነው፤ ስለዚህ ከሰባት ዓመት በላይ ወደ ኋላ ሄደ። ያኔ ሰርተፍኬቱ አልተሰጠም ነበርና ማከማቻውን አላምንህም አለው።»

አሰጋሽ ዞረች። «ለምን ይጽፋል?»

«ባለቤትሽ የሞተው ከምሳ በፊት ነው። ገዳዩ ሰዓቱ በራሱ እንዳይስተካከል አደረገ፤ ሰዓቱን ብቻ ወደ ማታ ገፋ፤ የስምዖንን የመጨረሻ ጥያቄ ደገመ። ለዚህ አንድ ቁልፍ መጫን ይበቃል። የጠዋቱና የማታው ጥያቄ አንዲት ፊደል እንኳ አትለያቸውም። ሰዓቱን ሲመልሰው ግን ሙሉውን ቀን ጻፈ፤ በጥድፊያ እጁ የለመደውን የእኛን አቆጣጠር።»

«ይህን ዕድላዊትም ትችለዋለች» አለ ሀብተወልድ።

«እሷ በእነዚህ ማሽኖች በየቀኑ የምትጽፈው በፈረንጆቹ ነው። በዚህ ብቻ ግን አልተማመንኩም። መዝገብ የሚያታልል ሰው ራሱን ለማዳን ነው የሚያታልለው። ይህ ውሸት ስምዖንን እስከ ማታ በሕይወት ያለ አስመሰለው። ማታ እዚህ የነበረችው እሷ ናት፤ ውሸቱ አሳሰራት እንጂ አልጠቀማትም። ኦቦ ቦጂያ ቁልፍ የላቸውም። ቁልፍ ኖሮት፣ ቀን እዚህ ቆይቶ፣ ማታ ሱሉልታ ለቅሶ ቤት ብዙ ሰው ያየው አንድ ሰው ብቻ ነው። ስምዖን ለምሳ ሳይወጣ ሲቀር ‹አትረብሸው› ያሉትም እርስዎ ነዎት።»

ሀብተወልድ ፊቱን ከስክሪኑ አዞረ።

«ስንት ጊዜ ለመንኩት» አለ። «ሽጥ ብዬ ስንት ጊዜ ለመንኩት!»

ካቴናው ከዕድላዊት እጅ ወጥቶ እሱ እጅ ላይ ገባ። አሰጋሽ ወደ ዕድላዊት ቀረበች፤ መሬት መሬቱን እያየች ተናገረች።

«በድዬሻለሁ። አሁን ደንበኞቻችን ክሊኒኮች እየደወሉ ነው። ይህን ማሽን የሚያውቅ ሌላ ሰው የለኝም። ቀኑን ብቻ አስተካክለሽልኝ . . .»

ዕድላዊት ታስሮ የነበረውን የእጅ አንጓዋን አሸት አሸት አደረገች። ዱርሲቱ የመለሰችላትን የክፍሉን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ዓለም ገና ነው የምሄደው» አለች። «ወደዚህ አልመለስም።»