የዶክተር ከሊል ሰሌዳ

ቅዳሜ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወይዘሮ ዙሀይራ ሮቤ ከተማ ለቅሶ ደርሰው ጎባ ወዳለው ቤታቸው ሲመለሱ፣ ወንድማቸው የሂሳብ መምህሩ ዶክተር ከሊል ከጓሮ ባለችው የሥራ ክፍሉ ሶፋ ላይ ተጋድሞ አገኙት። በሩም መስኮቱም ተዘግቷል። ወለሉ መካከል የከሰል ማንደጃ ተቀምጧል። ጠሩት፤ አልመለሰም። ነኩት፤ ቀዝቅዟል።

ጎባ ብርዳም ከተማ ናት። የከሰል ጭስ ሰው መግደሉ እዚያ ለማንም አዲስ ወሬ ስላልሆነ፣ ጎረቤቱ «አደጋ ነው» ብሎ ሊቀብረው ተቃርቦ ነበር። እምቢ ያሉት ወይዘሮ ዙሀይራ ናቸው።

«ወንድሜ አስም አለበት» አሉ። «ማንደጃውን በረንዳ ላይ አቀጣጥዬለት ሄድኩ፤ እጁን የሚያሞቀው እዚያው ነው። በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ከሰል ይህን ደፍ አልፎ አያውቅም። ያስገባው ሌላ ሰው ነው።»

ፖሊስ ጣቢያው ለመጠርጠር ጊዜ አልፈጀበትም። ቅዳሜ ጠዋት ከዶክተሩ ጋር የነበረችው የዶክትሬት ተማሪው ለሊሴ ናት። ዶክተሩ የመመረቂያ ጽሑፏን ሁለቴ ሳይፈርም መልሶባታል። ቂም ይዛለች ተባለና አንገቱ ከምትባል ቦታ የመጣችው የገበሬ ልጅ ሁለት ሌሊት ጣቢያ አደረች። ጉዳዩ ለኢንስፔክተር ሰንበቴ ቶላ የተላለፈው ሰኞ ጠዋት ነው።

ሰንበቴ የሲናና ስንዴ ገበሬ ልጅ ናት። ሰው ስንት ሰዓት እንደሆነ ሲነግራት እንኳ የራሷን ሰዓት አይታ ነው የምታምነው። ባልደረቦቿ ይህን ጠባይዋን አይወዱትም፤ ከባድ ነገር ሲገጥማቸው ግን የሚፈልጉት እሷን ነው።

መጀመሪያ የሟቹን ክፍል አየች። ግድግዳው ላይ ጥቁር ሰሌዳ አለ፤ በሰሌዳው ላይ ሦስት መስመር ስሌት። በየመስመሩ ጫፍ አንዳንድ ቁጥር ተጽፏል፤ አንድ፣ አንድ፣ ሁለት። ከሦስተኛው መስመር አጠገብ ትንሽ የጠመኔ ነጥብ አለች። ሁለት ቁጥሯ የተጻፈችው በጣት ተጠርጎ በደበዘዘ ቦታ ላይ ነው። ሰንበቴ ጠጋ ብላ ብዙ ቆየች፤ ከዚያ ፎቶ አነሳችና አሻራ የሚያነሳውን ባለሙያ ጠራች።

ወይዘሮ ዙሀይራን በረንዳው ላይ አነጋገረቻቸው። ቤቱ የእሳቸውና የወንድማቸው የጋራ ውርስ ነው፤ አሁን ለእሳቸው ብቻ ይቀራል። ሰንበቴ ይህንንም አልዘለለችውም።

«ሲወጡ ስንት ሰዓት ነበር?»

«ዙህር ተሰግዶ፣ ሰባት ሰዓት። ልጅቷ አንድ ሰዓት ቀደም ብላ ሄዳለች። እሱ ጉንፋን ይዞት እንቅልፍ የሚያመጣ ኪኒን ወስዷል።»

«ሰው ይጠብቅ ነበር?»

«‹ዛሬ እልኸኛ እንግዳ አለብኝ› ብሎኛል። ማን እንደሆነ አልጠየቅኩም። አላህ ይርሀመው። ያቺ ልጅ ተመልሳ ነው እንጂ ሌላ ማን ይመጣል?»

ለሊሴ ጣቢያ ውስጥ ፊቷ ገርጥቶ ተቀምጣለች። ሰንበቴ የሰሌዳውን ፎቶ አላሳየቻትም። ከቦርሳዋ የተያዘውን ደብተሯን ብቻ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች።

«ቅዳሜ ሰሌዳው ላይ የጻፍሽው ይህንን ነው?»

«አዎ፣ እንዳለ ነው የገለበጥኩት።»

«አስረጂኝ። እኔ የማውቀው ስንዴና ሌባ ብቻ ነው።»

ለሊሴ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች። «እንደ ሰዓት የሚዞሩ ቁጥሮች አሉ፤ ደጋግመው ሲደምሯቸው ዜሮ ላይ ይመልስዎታል። በዚያ የቁጥር ዓለም ዩኒፖተንት ግሩፕ የሚባሉ ነገሮች አሉ። ቀላሉ እንደ ቀጥ ያለ መስመር ነው። ሌሎቹ ጠማማ ይመስላሉ። ግን ከቁጥሮቹ መካከል የጎደለው ሥር ሲጨመር ይቃናሉ፤ ለካ እነሱም ያው ቀጥ ያለው መስመር ናቸው። የእኔ ሥራ እነሱን በየዓይነታቸው መመደብ፣ ስንት ጊዜ ሥር ቢወጣ እንደሚቃኑም መናገር ነው።»

«ደጋ ላይ ሁለት ዓይነት የሚመስል ገብስ ቆላ ሲዘራ አንድ ሆኖ እንደሚበቅለው?»

«እንደዚያ ነው።»

«ሦስተኛው መስመር ስንት ጊዜ ይፈልጋል?»

«አንድ። ሁሉም አንድ ጊዜ ይበቃቸዋል። የትምህርት ክፍላችን ኃላፊ ዶክተር ሳላሀዲን ያሳተሙትም ይህንኑ ነው።»

«ዶክተር ከሊልስ ምን አሉ?»

«ምንም። ነጥብ አደረጉበት። ስህተት ካዩ በእጃቸው አያርሙም፤ አጠገቡ ነጥብ አድርገው ‹ሰኞ እንገናኝ› ይላሉ። ስህተቱን ራሱ ያላገኘ ሰው አልተማረም ባይ ናቸው። በአራት ዓመት አንድ ቁጥር እንኳ አርመውልኝ አያውቁም።»

«አንቺስ አገኘሽው?»

«ሁለት ሌሊት አሰብኩ። አላገኘሁትም።» እንባዋ መጣ። «ይኸው ሰኞ ደረሰ።»

የሂሳብ ትምህርት ክፍል ኃላፊው ዶክተር ሳላሀዲን ሰንበቴን ሮቤ በሚገኘው ቢሮው ተቀበላት። ሲበዛ ትሑት ሰው ነው፤ ሰንበቴ ደግሞ ትሕትና ሲበዛ ትጠረጥራለች።

«አካም ጅርታ፣ ኢንስፔክተር? ትልቅ ሰው አጣን። እኔ ቅዳሜ ሙሉ ቀን ቤቴ መጽሐፍ ሳነብ ነበር። ከሊል ቤት ከሄድኩ ወር አልፎኛል።»

«ዓርብ ማታ ግን ደውለውልዎታል። አሥራ አንድ ደቂቃ አውርታችኋል።»

«ስለ ፈተና ፕሮግራም።»

ደብተሩን ዘረጋችለት። ዓይኑ ሁለቱን መስመሮች ቶሎ አልፎ ሦስተኛው ላይ ቆመ። እጁ ወደ ኪሱ እስክሪብቶ ሄደና ተመለሰ።

«ትክክል ነው?» አለችው።

«ትክክል ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ያሳተምኩት ነው። የፕሮፌሰርነት ማዕረጌም የቀረበው በእሱ ነው።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ልጅቷ ጎበዝ ናት። ቁጣዋ ግን ያስፈራል።»

ሰንበቴ ቃሉን ጽፋ ስታበቃ የአሻራ ቀለሙን አወጣች። «ፊርማው እንዳለ ሆኖ፣ ዶክተር፣ አሻራም ያኑሩልኝ።» ፈገግ ብሎ አውራ ጣቱን አሳረፈ።

ማክሰኞ ጠዋት ሦስቱንም በሟቹ ክፍል ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ለሊሴ በሁለት ፖሊሶች መካከል ቆማለች። ወይዘሮ ዙሀይራ የልጅቷን ዓይን ላለማየት ፊታቸውን አዙረዋል።

«ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ላይ» አለች ሰንበቴ፣ «ለሊሴ ስትወጣ ሦስተኛው መስመር ጫፍ ላይ የነበረው ቁጥር አንድ ነው። ደብተሯ ይመሰክራል። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ግን ሁለት ሆኗል።»

ለሊሴ ወደ ሰሌዳው ዞረች፤ አፏ በትንሹ ተከፈተ።

«ማን ለወጠው? ለሊሴ አይደለችም፤ ስህተቱ የት እንደሆነ ትናንትም አላወቀችም። ዶክተር ከሊልም አይደሉም፤ ነጥብ አድርገዋል፣ ነጥብ ያደረጉበትን ደግሞ አያርሙም። ወይዘሮ ዙሀይራ ይህን ጽሑፍ ማንበብ አይችሉም። ስለዚህ ከእኩለ ቀን በኋላ አራተኛ ሰው እዚህ ገብቷል፤ ስሌቱን የሚያውቅ ሰው። በባሌ ምድር ይህን የሚያውቁ ሦስት ሰዎች ነበሩ። አንዱ ሞተዋል፤ አንዷ ተሳስታለች።»

«ግምት ነው» አለ ሳላሀዲን።

«እስካሁን ግምት ነበር። የጠመኔውን ጽሑፍ በአውራ ጣት የጠረገው ሰው አሻራውን ትቷል፤ እርስዎ ቃልዎ ላይ ካኖሩት ጋር አንድ ነው። ወር ሙሉ ካልመጡ፣ ቅዳሜ ጠዋት በተጻፈ መስመር ላይ ጣትዎ ምን ይሠራል?»

ሳላሀዲን አውራ ጣቱን መዳፉ ውስጥ ደበቀ።

«ምክንያቱን ከዶክተር ከሊል ኮምፒውተር አገኘነው። ላሳተመልዎ መጽሔት ደብዳቤ ጀምረዋል። ይህ ሦስተኛው ዓይነት ሁለት ጊዜ ሥር ይፈልጋል፤ የእርስዎ ዝርዝር ጎደሎ ነው። ጽሑፉን በራስዎ እጅ ከመጽሔቱ ቢያነሱት ይሻላል ብለው ዓርብ ደወሉልዎ፤ እርስዎም ቅዳሜ ለመነጋገር መጡ። አልተስማማችሁም። እሳቸውን የኪኒኑ እንቅልፍ ጣላቸው። እርስዎ ማንደጃውን ከበረንዳ አስገቡና በሩንና መስኮቱን ዘጉ። እሳቸው ከሞቱ፣ ልጅቷም ከታሰረች፣ ስህተቱን የሚያገኝ አይኖርም።» ሰንበቴ ወደ እሱ አንድ እርምጃ ቀረበች። «ግን ያቺን አንድ ቁጥር እንዳለች ቢተዉአት ኖሮ እዚህ መግባትዎን የሚያውቅ አልነበረም። ለምን ነኳት?»

ሳላሀዲን ሰሌዳውን አየ። ትሕትናው ሁሉ ከፊቱ ወርዶ የደከመ ሰው ብቻ ቀርቷል።

«ስህተት ነበር» አለ። «ስህተት ተጽፎ እያየሁ ጥዬው መውጣት አልቻልኩም።»

«ወንድሜን ግን ጥለኸው ወጣህ» አሉ ወይዘሮ ዙሀይራ።

ካቴናው ገባለትና ወሰዱት። ለሊሴን «ነፃ ነሽ» ቢሏትም አልሄደችም፤ ሰሌዳው ፊት ቆማ አለቀሰች። መምህሯ ራሷ እንድታገኘው ብሎ የተወላትን መልስ ገዳዩ ሰጣት፤ ይህ ከእስሩ ይልቅ አንገበገባት።

ወይዘሮ ዙሀይራ ቀረብ አሉ። «ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ በሐሰት ጠርጥሬሻለሁ፤ አውፍ በይኝ። አሁን አገርሽ ግቢና እረፊ።»

«ሁለት መሆኑን አየሁ እንጂ ለምን ሁለት እንደሆነ አላውቅም» አለች ለሊሴ። «እሱን እሳቸው ቢኖሩም አይነግሩኝም ነበር። ወረቀት ይኖርዎታል?»

ወይዘሮ ዙሀይራ ከወንድማቸው ጠረጴዛ ወረቀት አመጡላት፤ ለሊሴ ጀርባዋን ለሰሌዳው ሰጥታ ተቀመጠች፤ እሳቸውም እስክትጨርስ አጠገቧ ተቀመጡ።