የመርስዔ ኃዘን አጥንት

የመቶ አለቃ በዕውቀቱ ከበቅሎው ወርዶ ገደሉ ሥር ሲደርስ ሬሳውም ገዳዩም ተዘጋጅተው ጠበቁት። ያዘጋጀው ጭቃ ሹሙ ጫኔ ነው። በጋቢ የተሸፈነችው ጠጄ ናት፣ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ። የፊጥኝ ታስሮ ድንጋይ ላይ የተቀመጠው ደግሞ ጌጡ የሚባል፣ ከቀየት የመጣ የአሥራ ስድስት ዓመት የቆሎ ተማሪ ነው፤ እናት አባቱን በአንድ ክረምት ተስቦ ወስዶበታል።

«ትናንት ማታ ሬሳዋ አጠገብ ተቀምጦ አገኘነው» አለ ጫኔ። «ፊቷን ይመልከቱት ጌታዬ። ታግላዋለች። ከፋሲካ በኋላ ለልጄ ልድራት ድግስ ጀምሬ ነበር። በዚህ ቀንቶ ነው የገደላት።»

በዕውቀቱ ነገር ሲጣደፍለት መጠርጠር ይወዳል። በርከክ ብሎ ጋቢውን ገለጠ። በልጅቷ ጉንጮች ላይ፣ በግራም በቀኝም፣ ከላይ ወደ ታች የወረዱ ሦስት ሦስት ጭረቶች አሉ። ከሥራቸው ሌሎች የሻሩ ጭረቶች ይታያሉ። በጥፍሮቿ ውስጥ ደም ደርቋል። የነጠላዋ ጥለት አንገቷ ላይ ተጠምጥሟል፤ በቀኝ እጇ ከነሥሩ የተነቀለ የጓሳ ሣር ጨብጣለች። ከሬሳው ዝቅ ብሎ ቁጥቋጦ ላይ አንድ አሮጌ ካፖርት ተንጠልጥሏል።

«ይህስ የማን ነው?»

«የሱው ነዋ፣ የማን ይሆናል?» አለ ጫኔ።

በዕውቀቱ ካፖርቱን አስወርዶ ጌጡ ላይ ለካው። እጅጌው የልጁን ጣቶች ውጦ ተረፈ። የመቶ አለቃው ካፖርቱን አጥፎ ያዘና ከልጁ ፊት ተቀመጠ።

«ጌጡ፣ ምን ሆና ነው የሞተችው?»

«አልናገርም።»

«ዝም ካልክ እኮ ትሰቀላለህ።»

«ልሰቀል። የመርስዔ ኃዘን አጥንት ይውጋኝ ብዬ ምዬላታለሁ።»

«መርስዔ ኃዘን ማነው?»

ልጁ አንገቱን ደፋ። ጫኔ ግን ሳቅ አለ። «እዚህ አገር በዚህ ስም የሚጠራ ሰው የለም። ፍርሃት ነው የሚያዘባርቀው።»

በዕውቀቱ ወደ አፋፉ ወጣ። የበልግ ዝናብ መሬቱን አርሶታል። ከአንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ዙሪያ አፈሩ በክብ ተረግጧል። ከድንጋዩ ተነሥቶ ወደ ገደሉ የሚሮጥ የአንድ ሰው ዱካ አለ፤ ትንሽ እግር ነው፣ ጣቶቹ ጠልቀዋል፤ ጫፉ ላይ ተረከዙ ተንሸራቷል። ሌላኛው ዱካ ተከትሎት ይመጣና ከጫፉ አንድ ክንድ ሲቀረው ያቆማል። እዚያ ቦታ ላይ የሁለት ጉልበት ማረፊያ ይታያል።

ሲመለስ አጃቢውን ጠየቀው። «ጓሳ መቼ ነው የሚታጨደው?»

«በአገሩ ደንብ እንዳይታጨድ ከተዘጋ ሁለት ዓመት አልፎታል ጌታዬ። ዛሬ ማጭድ ይዞ የተገኘ አበሳውን ያያል።»

የጠጄ እናት አዛለች መደብ ላይ ተቀምጣ ነበር። በዕውቀቱን ስታይ አላለቀሰችም፤ «ሁለቱም ዓይኖቼ ጠፉ» ብቻ አለች።

«ጠጄ እዚያ ድረስ ምን ልታደርግ ወጣች እሜቴ?»

«ጓሳ ልታጭድ። ሐሙስ ሐሙስ ትሄዳለች።»

«ፊቷ ተቧጭሮ ስትመጣስ?»

«ሣሩ ቧጨረኝ ትለኝ ነበር።»

«ሌላ ልጅ የለዎትም?»

«አፈወርቅ አለ። ኮሪያ ዘምቷል።» ይህን ስትል ዓይኗን ከመሬት አላነሣችም። ቀጥላም «ያን ልጅ እንዳይመቱብኝ። ከሷ በቀር ሰው አልነበረውም» አለች።

ከዚያ በዕውቀቱ ወደ ደብሩ አለቃ፣ ወደ አለቃ ተክለጻድቅ ሄደ። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቃቸው። ሽማግሌው መልሱን ከሰጡ በኋላ መቋሚያቸውን ይዘው ቆመው ቀሩ።

ከሰዓት በኋላ ሁሉም በደጀ ሰላሙ ተሰበሰቡ። ጫኔ ገመዱን እንደያዘ ነው። በዕውቀቱ ካፖርቱን ክንዱ ላይ አድርጎ መካከል ቆመ።

«የሚጋደል ሰው ሌላውን እንዲህ አስተካክሎ አይቧጭርም» ብሎ ጀመረ። «ሦስት በግራ፣ ሦስት በቀኝ፣ የትናንት ጭረት በቆየ ጭረት ላይ። በጥፍሯ ያለው ደም የራሷ ነው። ነጠላዋም ተዘቅዝቆ ጥለቱ አንገቷ ላይ ሆኗል። እናንተ ሐዘን የምታውቁ ሰዎች ናችሁ፤ ይህ ምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም። ፊቷን ነጭታ ስታለቅስ ነበር።»

«ለማን?» አለ ጫኔ። «ቤታቸው ሐዘን የለ።»

«ልጁ የመርስዔ ኃዘን አጥንት ይውጋኝ ብሎ ማለ። በሕይወት ባለ ሰው አጥንት አይማልም። መርስዔ ኃዘን ሞቷል ማለት ነው። ሰፈሩ ካላወቀው ደግሞ ስሙ የክርስትና ስም ነው። ያን የሚያውቁት ቤተሰቡና ቤተ ክርስቲያን ብቻ ናቸው። አለቃን ጠየቅኋቸው፤ የአፈወርቅ ነው አሉኝ።»

ጫኔ ተነሣ። «ዝም ይበሉ እንጂ፣ እናቲቱ ተቀምጣ! መርዶ እንዲህ ይነገራል?»

«መርዶማ እናንተ ደበቃችሁት። ሞቱን የሚያረዳው ደብዳቤ በታኅሣሥ እንደመጣ አለቃ አልሸሸጉኝም። ሐዘን ከገባ ሰርግ ይፈርሳልና ለልጅህ ስትል እስከ ፋሲካ ይቆይ ብለህ አስማማህ።»

«እሺ፣ እኔ ደበቅሁ። ታዲያ ለልጅቷ ማን ነገራት?»

በዕውቀቱ ወደ አለቃ ዞረ፤ ድምፁም ዝቅ አለ። «አባታችን፣ እርስዎ ነዎት። ሟች በክርስትና ስሙ የሚጠራው በፍትሐት ነው።»

«እኔ አልነገርኋትም» አሉ አለቃ። «ነፍሱ ያለ ጸሎት ትቆይ ማለት ከበደኝ። በጥር አንድ ማለዳ ፍትሐት አደረስሁለት። አፈወርቅ የሚል ቃል ግን ከአፌ አልወጣም። ‹እግዚኦ አዕርፍ ነፍሰ ገብርከ መርስዔ ኃዘን› ነው ያልሁት። ማን ያውቀዋል ብዬ።»

«በዚያ ማለዳ መገበሪያ ዱቄት ይዞ ቤተልሔም የመጣ ማን ነበር?»

አለቃ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። «ጠጄ» አሉ።

ልብ የሚሰብረው ይህ ነው፤ ሽማግሌው ለሟች ነፍስ ብለው የጸለዩት ጸሎት ለሕያዋ መርዶ ሆኗል። በዕውቀቱ ግን አላቆመም፤ የታሰረው ልጅ ገና አልተፈታም።

«በቤቷ ማልቀስ አልቻለችም፤ እናቷ አልሰማችም ብላ ፈርታለች። ስለዚህ ሐሙስ ሐሙስ ጓሳ እየወጣች የወንድሟን ካፖርት ድንጋይ ላይ ዘርግታ ለብቻዋ ለቅሶ ተቀመጠች። ለቀስተኛዋ ይህ ወላጅ የሌለው ልጅ ነበር። ትናንት ነፋስ ካፖርቱን ወሰደባት፤ ልትይዘው ሮጠች፤ ተንሸራተተች። ስትወድቅ ሣሩን ጨብጣለች፤ ሞትን የፈለገ ሰው ሣር አይጨብጥም። የገፋትም የለም፤ የልጁ ዱካ ጫፉ ጋ አልደረሰም። ተንበርክኮ ከተጣራ በኋላ በዙሪያው ወርዶ ብቻዋን እንዳትሆን አጠገቧ ተቀመጠ። ጫኔ፣ ፍታው።»

ጫኔ ገመዱን ፈታ።

በዕውቀቱ ወደ አዛለች ቀረበ። «ይህን በፊትዎ የተናገርሁት አዲስ ስላልሆነብዎ ነው እሜቴ። አንድ ልጅ ሞቶብዎ ሁለቱም ዓይኖቼ ጠፉ አሉ። ጓሳው መዘጋቱንም ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ። ግን ማጭድ ይዛ ስትወጣ አንድ ቀን አልከለከሏትም።»

አዛለች ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች። «በዚያ ማለዳ እኔ በሴቶች በር ቆሜ ነበር» አለች። «ስሙን ሰማሁ። ከሱ በፊት የተወለደው ሞቶብኝ ስለነበር ነው ሐዘኔን ያስረሳኛል ብዬ መርስዔ ኃዘን ያሰኘሁት። ቤቴ ገባሁ፤ ልጄ ሹሮ ትሠራለች። አልሰማችም ብዬ ዝም አልሁ። ሁለት ወር ሙሉ እሷ ለእኔ ትስቃለች፣ እኔ ለሷ እስቃለሁ። ወጥታ ይውጣላት ብዬ ነው ያልከለከልኋት። ምናለ አንድ ቀን አብሬያት በወጣሁ።»

ካፖርቱን ከመቶ አለቃው ተቀብላ መሬት ላይ ዘረጋችው፤ የነጠላዋንም ጥለት ወደ ላይ አዞረች። ከዚያ ጌጡን በእጇ ጠርታ አጠገቧ አስቀመጠችው።

«ምን እያለች ታለቅስ ነበር?»

ጌጡ አለቃን አየ። «መሐላህን ፈትቼልሃለሁ ልጄ፣ ንገራት» አሉት።

«ብዙ አትልም እትዬ» አለ። «ድምፅዋ ከፍ ሲል አፏን በነጠላዋ ትይዘዋለች። እኔም ስጮህ ትቆጣኛለች። ‹ቀስ በል፣ እማዬ ትሰማለች› ትለኝ ነበር።»

ከአፋፉ እስከ አዛለች ቤት የሦስት ሰዓት መንገድ ነው።